በቀኝ በኩል የሚወርደው መኪና

መስከረም 19

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። መልስ ያዘገየሁት ንቄህ አይደለም። እጄ ቅባት ቅባት እየሸተተኝ ወረቀት መንካት ስላስጠላኝ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነጭ ጨርቅ የለመደው ዓይኔ ዘንድሮ የሚያየው የአባባን መኪና ሥር ብቻ ሆኗል።

እማዬ እንዴት ናት ላልከው፣ አፏ ደህና ነው። የተሰበረው ዳሌዋ ግን እንደተጣመመ ነው የገጠመው፤ ሐኪሙም ከዚህ በላይ አይስተካከልም ብሏል። ኩላሊቷን ለማሳጠብ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል እንመላለሳለን። በታክሲ ሞክረን ነበር። በየጉድጓዱ ስትጮህ ሹፌሩ ራሱ ሊያለቅስ ደርሶ መሀል መንገድ አወረደን። የአባባ መኪና ብቻ ነው እንደ ፍራሽ የሚይዛት። ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳታስቀሩ ብሎ አስጠንቅቆናል። እንግዲህ መኪናው ቆመ ማለት እማዬ ቆመች ማለት ነው፤ ይቺን ልብ በልልኝ።

መኪናው ምን ይሆናል ላልከው ደግሞ፣ ሌላው መኪና የብረት ሞላ ባለበት ቦታ የእኛ በአየር የሚነፋ ላስቲክ አይደል ያለው? ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው፣ ልክ እማዬ የምትቀመጥበት ሥር፣ አንዳንድ ቀን ይተነፍሳል። መኪናው በአንድ ጎኑ ወርዶ ያነክሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይለው። ሰኞ ወረደ፣ ረቡዕ ደህና ዋለ፣ ዓርብ ስንመለስ እንደገና ወረደ። ጋራዥ ስወስደው ግን ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። መካኒኩ እኔን ያየኛል፣ እኔ መኪናውን አያለሁ።

ስለ መካኒኩ ባትጠይቀኝ ይሻል ነበር። ምራቁን የዋጠ ሰው ፈልጊ ብለኸኝ ነበር፤ ያገኘሁት የሚተፋ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ጣቱን ምላሱ ላይ ያሳርፍና ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ይቀባል። አረፋ ከሠራ አየር ያስወጣል ማለት ነው አለኝ። ከዚያ በዚያው ጣቱ በሩን ከፈተልኝ! ቤት ገብቼ እጀታውን ሦስቴ በሳሙና አጠብኩት። ስሙን አልጠየቅኩም፤ ባለምራቁ ብዬዋለሁ።

አንተ ይሄንኑ መኪና ስትፈታና ስትገጥም ያደግክ ሰው ነህ። ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው መቼ ነው? ያኔ ላስቲኩ እንዴት ነበር? ንገረኝና ለሰውየው ልንገረው። እናንተ የድንጋይ ማውጫ ካምፕ ስልክ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ መልሱን በአውቶቡሱ ሹፌር ላክልኝ።

እህትህ


መስከረም 30

ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ አንቺንም እማዬንም እኩል ይድረሳችሁ። እኔ አቧራውን ከቆጠርሽው አንድ ኩንታል ጨምሬአለሁ፤ ሌላው ደህና ነው። የድንጋይ መጫኛ መኪኖቹ ቀን ይሰበራሉ፣ እኛ ሌሊት እንጠግናለን። ምግቡ ያስጠላል። ትናንት ሾርባዬ ውስጥ ብሎን አገኘሁ። አጥቤ ኪሴ ከተትኩት፣ ልኩ ጠፍቶብኝ ነበር።

ስለ መኪናው አትጨነቂ። እንዲህ አድርጉ። በክሪክ ወደ ላይ ይነሣ፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ላስቲኩ በሳሙና ውሃ ይቀባ። አረፋ ከሌለ ላስቲኩ ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካካው። ጥፋቱ አየር ከሚነፋው ኮምፕሬሰር ወይም እሱን ከሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሬሌ ሊሆን ይችላል፤ ሬሌው ይቀየር። የመኪናውን ቁመት የሚለካው ትንሽ ክንድም ዝገቱ ይጠረግ። አንቺ ደግሞ በልብስ ሜትርሽ ከጎማው እስከ ፓራፋንጎው፣ ከላዩ እስካለው ቆርቆሮ፣ ያለውን ክፍተት ጠዋትና ማታ እየለካሽ ጻፊልኝ። እንዲህ የሚመጣና የሚሄድ ጥፋት ጊዜ ይፈልጋል፤ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ?

መቼ እንደነካሁት ለጠየቅሽው፣ በትክክል አላስታውስም። ከመሄዴ በፊት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጥር ላይ ፈቃድ አለኝ፤ እኔው መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ አታስፈቱት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 12

ወንድሜ፣

ያልከውን ሁሉ አድርገናል። በክሪክ ተነሣ፣ በሳሙና ተቀባ፣ አንዲት አረፋ የለችም። ሬሌው ተቀየረ። ክንዱ ተጠረገ። ባለምራቁ ሁሉንም ዝም ብሎ ሠራና ሲጨርስ «ይሄ እንኳ አይመስለኝም ነበር» አለኝ። ታዲያ ካልመሰለው ለምን ይሠራል? ሱሪው ላይ እጁን ጠርጎ፣ በዚያው ሱሪ የእማዬ መቀመጫ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጮህኩበት።

የለካሁትን ጽፌ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይሄ ነው። ባዶውን ሲያድር ክፍተቱ አሥራ አራት ሴንቲ ነው፣ ጠዋትም አሥራ አራት። እማዬ ተቀምጣበት ስትሄድ ግን ስድስት ይገባል፣ አንዳንዴም አራት። ሁልጊዜ አይደለም። ግን ሲወርድ እሷ ያለችበት ቀን ብቻ ነው። ይሄን ለባለምራቁ ሳሳየው ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። በአውራ ጣቱ አሻራ አበላሽቶ መለሰልኝ።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለፈው ዓርብ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወረደ። ጎማው ከላይ ካለው ብረት ጋር መፋተግ ጀመረ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መኪናውን ሞላው። እማዬ ልብሷን ነከሰች። ሆስፒታል ሳንደርስ ተመለስን። እሑድ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፣ ትንፋሽም አጠራት። ሰኞ በጎረቤት መኪና ወስጃት ታጠበች፤ መንገዱን ሙሉ ግን ስታቃስት ነበር። ማታ ምን አለችኝ መሰለህ? «ይበቃኛል። መንገድ ላይ ተቀርቅሬ ከምሞት አልጋዬ ላይ ልሙት።» አንዴ ብቻ ነው ያለችው። አንዴ ያለችውን የምትደግም ሴት እንዳልሆነች ታውቃታለህ።

ባለምራቁ አንድ ሐሳብ አለኝ ይላል። ክሪክ ይቅር፣ ጎማው መሬት እንደረገጠ እናትሽን ከኋላ አስቀምጪልኝና እኔ ሥሩ ልተኛ ይላል። እናቴን እንደ ጆንያ ሸክም አድርጎ፣ ከሥሯ ተጋድሞ ሊተፋ! አንገፈገፈኝ። እምቢ ብዬዋለሁ፤ አንተስ ምን ትላለህ?

እህትህ


ጥቅምት 21

ለማከብርሽ እትዬ፣

የእማዬን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድልህ ብሎኛል። እባክሽ በምንም በምን ብለሽ አታስቀሪያት።

ሰውየው ያለውን በፍጹም እንዳታደርጊ። ክሪክ በሌለው መኪና ሥር የሚተኛ መካኒክ ወይ ጀማሪ ነው ወይ ሌላ ነገር ፈልጓል። ይልቅ ጠርጥሪ፤ ከገንፎ ውስጥም ስንጥር ይገኛል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው የኖርኩት፣ ጉዳቸውን አውቃለሁ። ጥሩውን ላስቲክ ይፈቱና ለሌላ ደንበኛ ይገጥሙታል፤ የዚያን ያረጀውን ደግሞ ላንቺ። ስንጥቁ እንዳይታይ በጥቁር የጫማ ቀለም ይወለውሉታል፤ አዲስ ይመስላል። ባለቤቱ በምን ያውቃል? ደህና ነበረ ያልሽው ላስቲክ ሰውየው ከነካው በኋላ ባሰበት አይደል? እንዲያው አስቢበት ማለቴ ነው።

በድጋሚ ሳይፈታ ይቆይ። ጥር ሩቅ አይደለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ወንድሜ፣

አፈር ልብላልህ፣ ነቢይ ነህ!

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ከስፌት ቤቴ አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ጎማውና ላስቲኩ መሀል እጄን ሰድጄ ጠረግኩ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አሸተትኩት፤ የጫማ ቀለም ነው። ከመኪና ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ላስቲክ ማን ይወለውላል? የእናቴን ነፍስ በጫማ ቀለም!

ከዚያ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ስድስት ሰው ፊት ጨርቁን ወርውሬ ፊቱ ላይ ጣልኩበት። ሌባ አልኩት፤ በሽተኛ የምታርድ አልኩት። በመጨረሻም እሱ የሚያውቀውን ሥራ ሠራሁበት፤ እግሩ ሥር ተፋሁ። ጨርቁን አንሥቶ አየው፣ እሱም አሸተተው። «ያልፈታሁትን አልቀይርም» አለ። ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ። አፍሮ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለቱ ደንበኞቹ እዚያው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

እጄ ላይ ያለውን ስፌት እንዳስረከብኩ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለክታለሁ። የጻፍክልኝን ደብዳቤም እንደ ማስረጃ አሳያለሁ።

እማዬ ትናንትም በጎረቤት መኪና ሄደች። ስትመለስ ሰው አትመስልም ነበር። ረቡዕ አልሄድም ብላለች።

እህትህ


ኅዳር 9

እትዬ፣

በአስቸኳይ ነው የምጽፍልሽ። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ፖሊስ ጋ አትሂጂ። ለሽማግሌ ሰው እስር ቤት ምን ያደርግለታል? ደብዳቤዬንም ለማንም አታሳይ፤ ደንግጬ የጻፍኩት ነው። ነገሩን ተይው፣ እግዜር ይክፈለው በይና እለፊው። ላስቲክ እየፈለግኩ ነው። እማዬን እንደምንም ለምኛት።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ሰላምታ የለኝም።

እማዬን እየለመንኩ በጎረቤት መኪና ሳመላልሳት ሰነበትኩ። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ የአባባ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል። እማዬ ከኋላ ወንበር ላይ ከነከዘራዋ ተቀምጣለች። ከመኪናው ሥር ሁለት ጫማ ይታያል። ልጮህ አፌን ስከፍት እማዬ በመስኮቱ ከዘራዋን አወጣችና «ዝም በይ! እኔ ነኝ ያስጠራሁት» አለችኝ። ጎረቤት ልካ ነው ያስጠራቻቸው። አዎ፣ ያስጠራቻቸው። አንተ እያልኩ ስሰድባቸው የነበሩትን ሰው አሁን እርስዎ እያልኩ ነው።

የሰደብኳቸው አፍ ሳይደርቅ መጡ። እሳቸው እንደሚሉት መኪና በክሪክ ሲነሣ ላስቲኩ ይሳባል፣ እጥፋቱ ቦታውን ይለቃል፤ ስንጥቁ እጥፋቱ ላይ ከሆነ ይገጥምና አየር አያስወጣም። የሚከፈተው ሰው ሲቀመጥበት ነው። ለዚህ ነበር እማዬን አስቀምጪልኝ ያሉኝ። ይሄን አሥር ዓመት የሠራ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል አሉኝ።

አንተ ስንት ዓመት ሠራህ?

እኔም መኪናው ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ፤ በነጭ ሸሚዜ። በሳሙናው ላይ አረፋው እየፈላ አየሁት፤ ስንጥቁ ጣት ያህላል። ቀለሙ ተቀርፎ ሥሩ ያለው አሮጌ ግራጫ ላስቲክ ፈጧል። ከስንጥቁ አጠገብ ቱቦው እንዳይፈተግ ከብረቱ ጋር የታሰረበት ክር አለ። ቡናማ፣ በሰም የታሸ፣ ከእኔ መሳቢያ የወጣ ክር። ቋጠሮው ሁለቴ ዞሮ በራሱ ሥር ገብቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለህ ቦርሳህ ሲበጠስብህ ያስተማርኩህ ቋጠሮ ነው። እኔ ራሴ ፈልስፌው ከአንተ በቀር ለማንም አላሳየሁትም።

መነሣት አቃተኝ። ሽማግሌው «አመመሽ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። እውነቴን ነው።

የጫማ ቀለሙን እንዴት እንዳወቅከው አሁን ገባኝ። ፖሊስ ጋ አትሂጂ ያልከኝም ገባኝ፤ እንኳንም አልሄድኩ። በክሪክ አንሡ ያልከኝማ! እናትህ ጨርቅ ነክሳ መንገድ ላይ ስትቀር አንተ እያወቅክ ጥፋቱ በሌለበት ቦታ ስታስፈልገን ነበርክ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ታላክካለህ፤ እኔ ደግሞ አምኜህ በሰው ፊት ሽማግሌ ላይ እተፋለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ፤ የእኔስ አመለጠ። የአንተው ግን ምንህ ነው የተመለጠው? ጽሕፈትህ እንዴት ያምራል! ሁለት ወር ሙሉ ጥፍሬ ሥር የገባውን ቅባት ስጸየፍ የአንተን ደብዳቤ ትራሴ ሥር አስቀምጥ ነበር። አሁን በመቆንጠጫ ይዤ ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት።

ሽማግሌው የቀኙን ላስቲክ ከግራው አለዋውጠውታል። በግራ ሰው ስለማይቀመጥ ለሁለት ሦስት ሳምንት ይይዛል ብለዋል። እማዬ ዓርብ ታጠበች። ክሩ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ለእማዬም አልነገርኩም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። መቼ?


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ስምሽን ለመጥራት አፍ የለኝም። ግን ካልጠራሁሽ በምን ልጀምር?

ከመሄዴ አንድ ወር በፊት ነው። የአንድ ትልቅ ሰው መኪና፣ ልክ የአባባን የመሰለ፣ አዲስ ላስቲክ ገጥሜለት ነበር። ከዚያ አጠገቡ ብየዳ ስሠራ ብልጭታው ላስቲኩ ላይ አረፈና በሳው። ሰውየው በማግስቱ ይመጣል። የጋራዡ ባለቤት ካወቀ ያባርረኛል፣ ለዚህኛውም ሥራ የድጋፍ ወረቀት አይጽፍልኝም። አባባ ከሞተ ጀምሮ መኪናው በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ማን ይቀመጥበታል አልኩ። ጥሩውን ፈትቼ ወሰድኩ፣ የሰውየውን አሮጌ ላስቲክ ለአባባ መኪና ገጠምኩ። ቀለም የቀባሁት አንቺ ሸራውን ገልጠሽ ስታጥቢ ስንጥቁን ታዪዋለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ቱቦውን ያሰርኩበት ክር ኪሴ ውስጥ የነበረ ነው። እጄ በልምድ ቋጠረው፤ ሳስር አላሰብኩበትም።

ከዚያ እማዬ ታመመችና መኪናው ተነሣ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ጥር ላይ መጥቼ ማንም ሳያውቅ እቀይረዋለሁ ብዬ ቀን ገፋሁ። ዓርብ ዓርብ የድንጋይ መኪና ሥር ተኝቼ ድልድዩ ታይቶኝ ያውቃል። በሽማግሌው ላይ ያላከክኩት ግን ከሁሉ ይብሳል። እርግጥ እንደዚያ ያለ ሌባ አውቃለሁ። በመስታወት አየዋለሁ። ራሴን ከተጸየፍኩ ቆይቷል፤ አንቺ ብትጨምሪበት አልቃወምም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ እጅ ሁለት አዲስ ላስቲክ ልኬአለሁ። ለመግጠም ለእሳቸው ስጫቸው። ይቅርታ ጠይቂልኝ አልልሽም፤ እኔው መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ።

ለእማዬ ንገሪያት። ጥር ላይ ልምጣ ወይ በያት። አትምጣ ካለች እዚሁ እቆያለሁ።

ወንድምሽ ልበል?


ታኅሣሥ 17

ወንድሜ፣

ላስቲኮቹ በደህና ደርሰዋል። እኔው ተሸክሜ ጋራዡ ወሰድኳቸው። ሰው እስኪሞላ ጠበቅኩ፤ በሰው ፊት የሰደበ በሰው ፊት ነው የሚክሰው። «ሌባው እርስዎ አይደሉም፤ ወንድሜ ነው» አልኩ። ሽማግሌው መፍቻቸውን እንደያዙ «ላስቲኩ የትኛው አገር ሥራ ነው?» አሉኝና ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። የሄዱት ሁለት ደንበኞች እስካሁን አልተመለሱም። ሲመሽ ያንን እያሰብኩ ነው የምተኛው፤ አንተም አስበው።

ሲገጥሙት አጠገባቸው ቆሜ መብራት ያዝኩ። ሁለቱም ከተገጠሙ በኋላ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አሳርፈው መጋጠሚያውን ቀቡ። እስቲ እይ አሉኝ፣ አየሁ። አረፋ የለም። ልጸየፍ ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም። የአንተ ግን አሁንም ይመጣብኛል። ስፌቴ ላይ ሰም ባሸተትኩ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል፣ ክሩን ለውጫለሁ። ይለቀኝ ይሆናል፤ መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።

ዓርብ እማዬ ታጥባ ስንመለስ ክፍተቱን ለካሁ፣ አሥራ አራት። ድልድዩን ስናልፍ ተኝታ ነበር። ስትነቃ መኪናውን ዳር አስይዤ ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብዙ መኪና አለፈ። «ብልጭታው እጁን አቃጥሎት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ቤት ደርሰን ከመቀመጫዋ ሳወጣት ክንዴን ይዛ ጻፊለት አለችኝ። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸውልህ።

«ና። መኪናውን ግን እንዳትነካ።»